ሕዝበ ውሳኔ ምንድን ነው?

አንድ ትልቅ ጉዳይ በሕዝብ ድምፅ ሲወሰን ሕዝበ ውሳኔ ይባላል።

በ2010 ዓ.ም. የሲዳማ ዞን ምክር ቤት «ክልል እንሁን» ብሎ ጠየቀ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ መደረግ ነበረበት። ዓመቱ ሞላ፤ ድምፅ ግን አልተሰጠም።

ያን ጊዜ ሐዋሳ ፒያሳ ሻይ ልትጠጡ ብትቀመጡ ወሬው ይኸው ነበር። ገሚሱ «ቀኑ አልፏል፤ መሪዎቻችን ዛሬውኑ ያውጁ» ይላል። ገሚሱ «ምርጫ ቦርድ እስኪያዘጋጅ እንታገሥ» ይላል። ከሌላ ብሔረሰብ የመጣው ደግሞ «የእኔስ ነገር?» ብሎ ይሰጋል። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁከት ተነሣ። የሰው ሕይወት ጠፋ።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ። ማንበብ ለማይችሉም ምልክት ነበረ፤ ሻፌታ ለክልልነት፣ ጎጆ በደቡብ ክልል ለመቆየት። ከመቶው 98.5 ያህሉ ሻፌታን መረጠ። ቀኑም በሰላም ዋለ።

እንግዲህ መሪ በሕግ የተቆረጠን ቀን ያክብር። ካልቻለም ምክንያቱን ቀኑ ሳይደርስ ይንገር። ዝም ሲል ወሬ ይነግሣል። ያሸነፈም ጎረቤቱን አይርሳ።

እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። አንቀጽ 47ን ራሳችሁ አንብቡት፤ ከዚያ መሪያችሁን ጠይቁ።

ደኅና ሰንብቱ።