የማርጋሬት ሪቨር ወይን ጠጅና የዋጋው ምክንያት

በአውስትራሊያ የወይን ጠጅ ንግድ ማርጋሬት ሪቨር የተባለው አውራጃ ስሙ እጅግ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በመላ አገሪቱ ከሚለቀመው የወይን ፍሬ የዚህ አውራጃ ድርሻ ከመቶ 3 እጅ አይሞላም። ምርቱ ጥቂት ሆኖ ሳለ ዋጋው ከፍ ያለበትን ምክንያት መረዳት፣ ዕቃውን ለሚያስመጣውም ሆነ በሱቁ ለሚሸጠው ነጋዴ ጠቃሚ ነው።

አውራጃው የሚገኘው በምዕራብ አውስትራሊያ ጠቅላይ ግዛት፣ ከፐርዝ ከተማ ወደ ደቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኬፕ ናቹራሊስትና ኬፕ ሉዊን በተባሉት ወደ ባሕር በገቡ ሁለት የምድር ጫፎች መካከል ነው። በሦስት ወገን ባሕር ስለሚያዋስነው የበጋው ሙቀት አይበረታም፤ የክረምቱም ብርድ አይጸናም። ዝናቡ በአብዛኛው በክረምት ወርዶ ስለሚያበቃ፣ ፍሬው በሚበስልበት ወራት አየሩ ደረቅ ነው። መሬቱም ብረት ያለበት ጠጠር የበዛበት ሲሆን ውኃ አይተኛበትም።

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ዓመታት ድረስ የአካባቢው ሕዝብ ይተዳደር የነበረው በእንጨት ሥራና በወተት ላሞች እርባታ ነበር። የእርሻ ሊቅ የሆኑት ዶክተር ጆን ግላድስቶንስ የአየሩንና የአፈሩን ጠባይ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ ስፍራው ለወይን ተክል የተስማማ መሆኑን አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የልብ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቶም ካሊቲ ቫስ ፊሊክስ የተባለውን እርሻ አቋቋሙ። ዛሬ አውራጃው ይልቁንም የሚታወቀው ካበርኔ ሶቪኞን በተባለው ቀይና ሻርዶኔ በተባለው ነጭ ወይን ጠጅ ነው።

ነገር ግን ባሕሩ ጉዳትም አለው። ተክሉ በሚያብብበት ወራት የሚነሣው ኃይለኛ ነፋስ አበባውን እያረገፈ ምርቱን ይቀንሳል። ማሪ የተባለው የአገሩ ዛፍ በሚገባ ባላበበበት ዓመት ደግሞ፣ የአበባውን ማር የሚቀስሙት ትንንሽ ወፎች ወደ ወይኑ ስለሚዞሩ ተክሉን በመረብ መሸፈን ግድ ይሆናል። ይህ ሁሉ ወጪ በጠርሙሱ ዋጋ ላይ ይታሰባል።

እንግዲህ ገዥው የሚከፍለው ለስፍራው ስም ጭምር ስለ ሆነ፣ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አስተውሎ ማንበብ ይገባዋል። በአውስትራሊያ ሕግ መሠረት የአንድ አውራጃ ስም ብቻውን የሚጻፈው፣ ወይን ጠጁ ከመቶ 85 እጅ ባላነሰ ከዚያው አውራጃ ፍሬ ሲሠራ ነው። «ምዕራብ አውስትራሊያ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ግን ከጠቅላይ ግዛቱ ከማናቸውም ስፍራ ከተለቀመ ፍሬ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውም መልካም ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላል፤ በማርጋሬት ሪቨር ዋጋ ግን ሊገዛ አይገባም።