ኮምፒዩተር ቀንና ሌሊት ሳይዘጋ ቢሠራ ያረጃልን?

ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና ወደ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ክርክር፤ ማታ ይዘጋ ወይስ እንደ ተከፈተ ይደር የሚል ነው። አንዳንዱ፤ በቅሎ እንኳ ቀን ስትጫን ውላ ሌሊት ታርፋለች፤ ይህስ ዕረፍት ካላገኘ እንዴት ይቈያል? ይላል። ሌላው ደግሞ የሚጎዳው መክፈትና መዝጋቱ ነው ይላል። ሁለቱም የእውነቱን አንድ አንድ ወገን ይዘዋል፤ አበርገሌን ለመሰለ ቆላ አገር ግን ዋናውን ነገር አልነኩም።

ወፍጮ በመፍጨት ብዛት እየለሰለሰ ይሄዳልና መወቀር ያሻዋል። የሸክላ ምጣድን ግን ከሥራው ብዛት ይልቅ ድንገት መጋልና ድንገት መቀዝቀዝ ይሰነጥቀዋል። በኮምፒዩተር ውስጥም ሁለቱን የሚመስል አካል አለ። ማራገቢያውና በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ጽሑፍ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ እየተሽከረከሩ ስለሚሠሩ፤ እንደ ወፍጮው በሰዓት ብዛት ያልቃሉ፤ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚዞር ነውና። በብየዳ የተያያዙት ጥቃቅን ክፍሎች ግን እንደ ምጣዱ ናቸው፤ ሲሞቁ ይለጠጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ትክክል ስለማይለጠጥም መጋጠሚያቸው በብዙ ዘመን ይሰነጠቃል። ቢሆንም በቀን አንድ ጊዜ መክፈትና መዝጋት የሚያስፈራ ጉዳት አያመጣም።

የሰዓት ብዛት ብቻውን መኪናን እንደማይገድል፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. አሜሪካኖች ወደ ጠፈር የሰደዷቸው ቮያጀር የሚባሉት 2 መንኰራኵሮች ምስክር ናቸው። በውስጣቸው ያሉት ኮምፒዩተሮች ከ40 ዓመት በላይ ሠርተዋል። በዚያ ግን አቧራ የለም!

በእኛ አገር ፀሐዩ ጽኑ፤ አቧራውም ደቃቅ ነው። አቧራው የማራገቢያውን መተንፈሻ ሲደፍነው ሙቀቱ በውስጥ ይታፈናል። ካፓሲተር የሚባሉት ክፍሎች ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንዲያጥር መሐንዲሶች ይገምታሉ። ብዙ ሰዎች ከአቧራ እንጠብቀው ብለው እየሠራ ሳለ በጨርቅ ይሸፍኑታል፤ ይህ ከአቧራው የባሰ ነው።

ሁለተኛው ጠላት የመብራት መቋረጥ ነው። በተከዜ ወንዝ ላይ የተሠራው፤ 188 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ 300 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት ቢበቃም፤ የኃይሉ ምንጭ መቅረብ ብቻውን መብራት እንዳይቋረጥ አያደርግም። ኃይሉ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ቢቋረጥ ጽሑፉ ሊበላሽ ይችላል፤ ሲመለስም ከመጠን በላይ ሆኖ የመጣ እንደ ሆነ መኪናውን ያቃጥላል። ሌሊት ጠባቂ የሌለው ኮምፒዩተር ተከፍቶ ማደሩ የሚከፋው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መምህሩ ማታ ሥራውን አስቀምጦ፤ መኪናውን በሥርዓት ዘግቶ፤ ገመዱን ይንቀል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም ይሸፍነው። ቤቱ ሲጠረግ አስቀድሞ ውሃ ይረጭ፤ መኪናውም ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቀንና ሌሊት መልእክት የሚቀበል ኮምፒዩተር ግን ተከፍቶ ማደሩ ግድ ነውና፤ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው የባትሪ ሣጥን ይደረግለት። ዲስክ ቢያርፍም ባያርፍም አንድ ቀን መሞቱ ስለማይቀር፤ የተማሪዎቹ ስምና ውጤት በፍላሽ ላይ ይገልበጥ፤ በወረቀት መዝገብም ይጻፍ።