ጾም ሳይፈርስ፣ ኪስ ሳይራቆት ሐይቅ ዳር!

የኛ ሰው ሽርሽር ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የት እንሂድ?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ስንት ይፈጃል?" ይላል። "መቼ እንሂድ? እዚያስ ምን እንበላለን?" የሚሉት ጥያቄዎች ትዝ የሚሉት አውቶቡስ ውስጥ ከተገባ በኋላ ነው። እኔ ግን እላለሁ፤ ቤተሰቡን ይዞ የሚጓዝ ሰው ከጾሙና ከድስቱ ካልጀመረ ገንዘቡም ይባክናል፣ ሰውም ይቀያየማል።

እስቲ የአንድ ወዳጄን ጉዳይ ላጫውታችሁ። ስሙ ይቆየን። እንደ እኔው የለሚ ልጅ ነው። ለሚን ለማታውቁ፣ በሰሜን ሸዋ፣ ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ የጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወዳጄ አዲስ አበባ ሥራ ይዞ ደመወዝ መቁጠር ከጀመረ ወዲህ አንድ ምኞት አድሮበታል፤ እናቱን ሐይቅ ማሳየት። እናቱ ስድሳን አልፈዋል፣ ጉልበታቸውም እያስቸገራቸው ነው። ከጀማ ወንዝ ሌላ ሰፊ ውሃ አይተው አያውቁም። "ዘንድሮ ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?" ይላል ልጅ።

ታናናሾቹ ተማሪዎች ስለሆኑ የሚያመቻቸው ክረምት ነው። ስለዚህ ለነሐሴ መጀመሪያ ሐዋሳ ላይ ቁርስ ያለው አልጋ አፈላልጎ ለእናቱ ደወለ። እናት ሆዬ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "በፍልሰታ? በእመቤታችን ጾም ሆቴል ለሆቴል ልታዞረኝ? ተወኝ ልጄ፣ ሐይቁም ይቅርብኝ!" ስልኩም ተዘጋ። ልጅ ተቀየመ። "ስንት ወር ያጠራቀምኩትን ብር…" እያለ እኔ ዘንድ መጣ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አንዳንዱ "በንስሐ አባታቸው በኩል አስለምናቸዋለሁ" ይል ይሆናል። ሌላው "እሳቸውን ትቼ ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ" ይላል። እኔ ግን "እናትህ እውነታቸውን ነው፤ ቀኑን ቀይር" አልኩት።

መጀመሪያ ቀን፣ ከዚያ አልጋ

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል። ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው። ትልልቆቹ ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ያሳልፋሉ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስም ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው "ና ተዝናና" ማለት ቀልድ ነው።

ታዲያ ክረምቱ በሙሉ ጾም ነው? አይደለም! የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ከዚያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ከነሐሴ 16 በኋላም እስከ ጳጉሜን ድረስ እንደዚያው። ሁለት ሰፊ በር ተከፍቶላችኋል ማለት ነው። ግን ሐምሌ 19ን ሽሹ። የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ሐዋሳ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች፣ የአልጋ ዋጋም ሰማይ ይነካል። ታኅሣሥ 19ም ያው ነው።

ከሳምንቱስ? እሑድ ወጥቶ ማክሰኞ መመለስን የመሰለ የለም። ረቡዕ ጾሙ ቤታችሁ ያገኛችኋል። ዓርብና ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚጎርፈው ሰው እሑድ ማታ ስለሚመለስ አልጋ ላይ ለመከራከርም ይመቻል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምባቸውም። ተማሪ ለሌለው ቤተሰብ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

"ቁርስን ጨምሮ" የምትል ወጥመድ

በጾም ቀን መጓዝ ግድ ከሆነባችሁ፣ ቁርስ ያለው አልጋ አትያዙ። እናታችሁ የማይቀምሱትን እንቁላልና ቅቤ ከፍላችሁበት ትወጣላችሁ። አስቀድማችሁ ደውሉና "ቁርሱ ቀርቶ ይቀነስልን፣ ካልሆነም ከሰዓት በኋላ በየዓይነቱ ይተካልን" በሉ። የሚስማማ አይጠፋም። ጠይቆ ማጣት አያሳፍርም።

ሌላው የማማሰያ ጉዳይ ነው። ምግብ ዝርዝሩ ላይ "የጾም" ተብሎ የተጻፈ ሁሉ የጾም አይደለም። ሽሮው ዘይት ብቻ ሆኖ ድስቱ የቅቤ፣ ማማሰያው የክትፎ ሊሆን ይችላል። ኬክና ብስኩትም ወተትና እንቁላል አያጣቸውም። አስተናጋጁን ሳይሆን ወጥ ቤቷን ጠይቁ። በትሕትና "እናቴ ትጾማለች፣ በንጹሕ ድስት ይሠራልን" ካላችኋት እንደ እናቷ ትቆጥራቸዋለች።

ሥጋ ለሚበሉም እንዲሁ ነው። በዚያ መስመር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይኖራል። አብሯችሁ የሙስሊም ጓደኛ ካለ ሉካንዳውን ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ስንቅ ነውር አይደለም

አንዳንድ ወጣት ሻንጣው ውስጥ በሶ ከተገኘ የሚሞት ይመስለዋል። ገንዘብ የሚበላው ግን አልጋው ብቻ አይደለም፤ በየመንገዱ "ራበኝ" የሚለው ልጅ ነው! የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬና ሽሮ ያዙ። በሶ ውሃና ትንሽ ጨው ካገኘ ምሳ ነው። ድርቆሽ በትኩስ የጾም ወጥ ከራሰ እራት ነው።

ግን አደራ! ስንቅ ተያዘ ብላችሁ እናታችሁን ሐይቅ ዳር ወስዳችሁ ከቡታ ጋዝ ጋር እንዳታፋጥጧቸው። ወንዶቹ ሽንኩርት ክተፉ፣ ልጆቹ ሰሐን ይጠቡ። እናት እዚያም ወጥ ከሠሩ መዝናናቱ የማን ነው?

ዓሣው ቅርፊት አለው?

ሐዋሳ ሄዶ አሞራ ገደል ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ያስቆጫል። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ግን ሐይቁ ዳር ቆማችሁ አትጀምሩት። ንስሐ አባት ያለው ይጠይቅ፣ ቤት ውስጥ ተስማምታችሁ ውጡ።

በፍስክ ቀንም ቢሆን ሌላ ጥያቄ አለ። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ አምባዛ የለውም። ብዙ አባቶችና እናቶች ቅርፊት የሌለውን አይነኩም። ተልጦ ከተቆራረጠ በኋላ ደግሞ ማን ይለየዋል? የወዳጄ እናት በመጨረሻ ነሐሴ ማብቂያ ላይ ሄደው ነበር። ዓሣ ጠባሹን ልጅ "ከነቆዳው ሳላየው አልቀምስም" ብለው ድርቅ አሉበት። ልጁም ሳቀና ቆሮሶውን ከነቅርፊቱ አምጥቶ አሳያቸው። ያኔ በሉ፤ አጥንቱን ብቻ አስቀሩ አሉ።

ይህ የእሳቸው አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክንፍና ቅርፊት የሚለው ሕግ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ያለ ነው። አይሁድም ኮሸር በሚሉት ሥርዓታቸው እስከ ዛሬ ይጠብቁታል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ እስራኤል ተጓጉዘዋል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ፣ ለጉብኝት ሲመጡ ሥጋ ቤት ይዛችኋቸው አትዙሩ። ሥጋው የራሳቸው እርድ መሆን አለበት፤ ሥጋና ወተትም አይቀላቅሉም። ቅርፊቱን ያዩት ሙሉ ቆሮሶ በፎይል ተጠቅልሎ ከተጠበሰ ግን የሆቴሉን ድስት ሳይነካ ይቀርብላቸዋል።

የትኛው ሐይቅ?

ኤርትራ ከተለየችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሳችን የባሕር ዳርቻ የለንም። ምጽዋ የወላጆቻችን ወሬ ሆና ቀርታለች። ለዋና የሚመረጠው ላንጋኖ ነው፤ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው ደፍርሶ ብታዩት አትደንግጡ፣ ቀለሙ ነው። ግን ዳርቻው ላይ ያሉት ማረፊያዎች ከከተማ የራቁ ስለሆኑ የሚበላው እዚያው ያለው ብቻ ነው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ግድም ናት። እዚያ ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆች ውሃው ውስጥ አይግቡ፣ ጀልባው ይበቃቸዋል። ጉማሬም አለና ከዳር ራቅ በሉ። በምትኩ ርካሽ አልጋ፣ የጾም ምግብ ቤትና ቤተ ክርስቲያን በእግር ይገኛል። ጿሚ እናት ላለበት ቤተሰብ እኔ ሐዋሳን እመርጣለሁ።

ከደጋ የሚመጣ ልጅ ወባ አያውቅምና አጎበር አትርሱ። የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ በቀን ብቻ ተጓዙ።

ሂሳቡ

ብሩን በአምስት ፖስታ ክፈሉት፤ መሳፈሪያ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ጀልባና መዝናኛ፣ መጠባበቂያ። የመመለሻው መሳፈሪያ ከመጠባበቂያው ጋር እናት ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ እሳቸው አይነኩትም! አንዱ ፖስታ ሲያልቅ ከሌላው አትበደሩ፣ አንድ ሌሊት ቀንሳችሁ ተመለሱ።

ከሁሉ በፊት ግን አልጋ ሳትይዙ ለእናታችሁ ደውሉ። "የት ልውሰድሽ?" ከማለታችሁ በፊት "መቼ ይመችሻል? ምን ትበያለሽ?" በሏቸው። እናንተዬ፣ ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ ለወላጆቻችን አቅርበን እናውቃለን?