ልብ ሲስተካከል ቆዳ እንዳይቃጠል



በአገራችን ብዙ ወጣቶች በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቫቸው ይጎዳል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ነው። የተጎዳው ልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሞች ምቱን ለመመለስ ታካሚውን አስተኝተው ደረቱ ላይ የኤሌክትሪክ ሾክ ይሰጣሉ። ይህ ካርዲዮቨርዥን ይባላል።

ታካሚው ሲነቃ ልቡ ተስተካክሎ ደረቱ ግን ሊያቃጥለው ይችላል። ቀላል መቅላት የተለመደ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ውኃ የቋጠረ ቁስል ግን በአብዛኛው በጥንቃቄ የሚቀር ነው።

ለምን ይቃጠላል? ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። በፓዱና በቆዳው መካከል ፀጉር ወይም አየር ከገባ፣ ኃይሉ በጥቂት ቦታ ተጠራቅሞ ያልፋል፤ ያ ቦታ ይግላል። ሾኩ ሲደጋገም ደግሞ ሙቀቱ ይደማመራል።

በሐዋሳ ሆስፒታሎች ለተግባር ልምምድ የምትወጡ የጤና ተማሪዎች እነዚህን አትርሱ፦

• የደረት ፀጉር በመቀስ ወይም በማሽን ይቆረጥ፤ ላብ ይጠረግ።
• ጊዜው ያለፈበት ወይም የደረቀ ፓድ አይለጠፍ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተጭኖ ይያዝ።
• በእጅ የሚያዝ ፓድል ከሆነ ለሾክ የተሠራ ጄል ይቀባ፤ የአልትራሳውንድ ጄል ወይም አልኮል አይሆንም። ጄሉ ከአንዱ ፓድል ወደ ሌላው ከፈሰሰ ብልጭታ ይፈጥራል።
• ሴት ታካሚ ከሆነች ፓዱ ከጡት ሥር እንጂ በጡት ላይ አይሁን።
• የኦክስጅን ጭምብል ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ ብልጭታ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከምሥራቅ ክፍለ ከተማም ሆነ ከገጠር ዘመድ ይዛችሁ የምትመጡም ድርሻ አላችሁ። ለሕመሙ ብላችሁ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ቅቤ ወይም ቫዝሊን ደረቱን ቀብታችሁት ከሆነ ተናገሩ፤ ፓዱ በቅባት ላይ አይጣበቅም። የአንገት ሐብል፣ ክታብና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ይነሣ። እህቶች መጋረጃ እንዲጋረድ፣ የሚቻል ከሆነም ሴት ባለሙያ እንድትገኝ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከሕክምናው በኋላ ቦታው ካቃጠለ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ያስታግሳል። የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅቤ አይቀባ። ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ግን አይምታታ፤ ይህ ሁሉ ዝግጅት በቀጠሮ ለሚሰጥ ሾክ ነው። ልቡ ለቆመ ሰው እያንዳንዷ ደቂቃ ነፍስ ናት፤ ለቆዳ ተብሎ ሾክ አይዘገይም። ቀጠሮ ባለበት ግን ለዝግጅት ጊዜ አለ፤ ቁስሉን የምታስቀረውም ያቺ ጥቂት ደቂቃ ናት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።