ስሙ ወይስ ክፍያው?

ሰሞኑን የመግቢያ ደብዳቤ የደረሳቸው ልጆች ወላጆች በውስጥ መስመር እየጠየቁኝ ነው። እዚህ ቨርጂንያ ሲቪል መሐንዲስ ስለሆንኩ ደጋግሜ የምሰማው «ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ካልገባ ሥራ አያገኝም» የሚለውን ነው። ለምህንድስና ይህ ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የምህንድስና ትምህርትን የሚመዝነው ኤቤት (ABET) የሚሰጠውን ዕውቅና ነው። የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለየትምህርት ክፍሉ ስለሆነ፣ ልጃችሁ የሚገባበትን ክፍል በስሙ ፈልጉት። ወደ ሙያ ፈቃድ የሚወስደው የኤፍኢ ፈተና 110 ጥያቄ ነው፤ የትም ተማሩ ያው ነው።

ዋናው ጣጣ ብድሩ ላይ ነው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከፌዴራል መንግሥት በራሱ ስም መበደር የሚችለው በጠቅላላው 31 ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ «ፓረንት ፕላስ» የሚባለው ብድር ይመጣል። እሱ የአባት ወይም የእናት ዕዳ ነው፤ ልጁ ተመርቆ ቢቀጠርም ወደ እሱ አይዛወርም። ሳትፈርሙ አንብቡት።

ስም ያለው ሁሉ ውድ ነው ማለትም አይደለም። ኤምአይቲ ከ2025 መኸር ጀምሮ ገቢያቸው ከ200 ሺህ ዶላር በታች የሆኑ አብዛኞቹን ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ ኪስ የሚያራቁተው የሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው።

ኖቫ (የሰሜን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ተምሮ፣ የሚፈለገውን ውጤት ይዞ ወደ ቨርጂንያ ቴክ መዛወርም ይቻላል። (ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስል የሚያኮርፉ አሉ፤ ለሠርግ ቤት ወሬ አይመችማ!)

ለፋይናንስ ሥራ ወይም ለምርምር ግን ስሙ ይረዳል፤ የክፍያው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ስመ ጥሩን ምረጡ።

ሁለት የዕርዳታ ደብዳቤ ይዛችሁ ግራ ከተጋባችሁ፣ ቁጥሮቹን ጻፉልኝ፤ አብረን እናስላው።