አደራ የተሰጠ የሱቅ ገንዘብ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ መንገደኛ በየመንደሩ የሚያየው ሱቅ፥ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሌላ፥ ሻጩ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከቦረና ወይም ከሳይንት ገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ቁልፉን ተረክቦ፥ ስኳሩን እየመዘነ፥ ዘይቱን እየቀዳ፥ በዱቤ የሰጠውንም በተማሪ ደብተር ጀርባ እየጻፈ፥ በመሳቢያ ያጠራቀመውን ገንዘብ ማታ ለጌታው ያስረክባል። ውሉ በቃል፥ ርክክቡም በመተማመን በመሆኑ፥ አንድ ቀን ሒሳቡ ጎድሎ የተገኘ እንደ ሆነ ጌታው «ሰረቀኝ» ብሎ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ልጁም ገና ሳይፈረድበት በአገሩ ፊት ስሙ ይጠፋል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን የሌላውን ንብረት የሚወስደውንና በእጁ የተሰጠውን አደራ የሚበላውን ለይቶ ያያቸዋል። መሳቢያውን ያልተረከበ ጫኝ ከዚያ ገንዘብ ቢያነሣ ሥራው በአንቀጽ 665 ስርቆት ነው፤ ከገዢ ተቀብሎ ለጌታው እንዲያስረክብ የታመነው ሻጭ የሽያጩን ገንዘብ ለራሱ ቢያደርገው ግን በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ይባላል። ነገሩን የሚያከብድ ሁኔታ ከሌለ የሁለቱም ቅጣት ቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር ሐሳበ ልብ ነው። ዱቤ ሰጥቶ መጻፍ የረሳ፥ መልስ ሲሰጥ የተሳሳተ፥ ወይም ሌሊት ሱቁ የተሰበረበት ሻጭ ገንዘብ ጎድሎበታል እንጂ አደራ አልበላም። ሕጉ በአንጻሩ፥ የተረከበውን ገንዘብ ሲጠየቅ ማቅረብ ያልቻለ ሰው ተቃራኒ ማስረጃ ካላቀረበ ያለአግባብ የመበልጸግ ሐሳብ እንደ ነበረው ይገምታል፤ ይህም ለሠራተኛው ብርቱ ሸክም ነው። ነገር ግን ግምቱ ከመነሣቱ በፊት ሠራተኛው ምን ያህል እንደ ተረከበ ሊረጋገጥ ይገባል፤ ዕቃው ተቆጥሮ በሁለቱ ፊርማ ካልተጻፈ፥ ጎደለ የሚባለው ገንዘብ ከምን ላይ ጎደለ ይባላል? በአያቶቻችን ዘመን ሌባሻይ የተባለው ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ ያለ ርክክብ ወረቀት ድኻ አደግ ልጅን ማሳሰር ከዚያ ፍርድ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

ጌታው ጉድለቱን ከደመወዝ እየቆረጠ ልተካው ቢልም፥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሕግ፥ የኅብረት ስምምነት፥ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይኖር፥ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ፥ ይህን አይፈቅድለትም፤ ቢፈቀድም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ አያልፍም። በእውነት አደራውን የበላ ሠራተኛ ከተገኘ ግን ያው አዋጅ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ሥልጣን ሰጥቶታል።

በቦረና እንደ ልማዱ የአገር ሽማግሌዎች መካከል ገብተው ቤተ ዘመድ ገንዘቡን አዋጥቶ ይከፍላል፥ ጌታውም ይቅር ይላል። ክሱ የዐቃቤ ሕግ ስለሆነ እርቁ ብቻውን አያስቀረውም፤ ሆኖም ተጸጽቶ ጉዳቱን የካሰ ጥፋተኛ በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱ እንዲቀልለት ዳኛውን ሊለምን ይችላል።