በምርጫ ቀን ታዛቢ ምን ይሠራል?



በቅርቡ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ስለ ምርጫ ታዛቢዎች ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኛ ስደተኞች ነን፤ እዚህ አገር አንመርጥም። ይሄን መማር ምን ያደርግልናል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

እኔም አንድ ነገር አስታወስኩት። በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ተደርጎ ነበር። ድምፁ የተቆጠረው በር ተዘግቶ ነው። ውጤቱ ሲነገር የተሸነፈው ወገን «ተሰርቀናል» አለ፤ ያሸነፈው ደግሞ «መሸነፍ አታውቁም» ብሎ መለሰ። ሙሉ ተርም ሁለቱ ወገኖች አንድ ዴስክ ላይ ሳይቀመጡ አለፈ። ምናልባት ቆጠራው ትክክል ነበር። ግን ማን አየ? ታዛቢ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ታዛቢ አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን ተሸናፊውም ውጤቱን አምኖ ወደ ቤቱ እንዲገባ ያደርጋል።

ታዛቢና ወኪል አንድ አይደሉም

በምርጫ ጣቢያ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች እናያለን። የመጀመሪያዎቹ አስፈጻሚዎች ናቸው። ድምፅ መስጫ ወረቀት የሚያድሉት፣ ጣት ላይ ቀለም የሚቀቡት፣ ድምፅ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው የፓርቲ ወይም የእጩ ወኪል ነው፤ ኬንያውያን «ኤጀንት» ይሉታል። ወኪል የቆመው ለላከው ወገን ስለሆነ ተቃውሞ ማስመዝገብ ይችላል። በኬንያ ደንብ መሠረት ቆጠራው አልቆ ካልረካ እስከ ሁለት ጊዜ ድረስ እንደገና እንዲቆጠር መጠየቅም ይችላል።

ሦስተኛው በጎ ፈቃደኛ ታዛቢ ነው። ይሄ ሰው የማንም ወገን አይደለም። ከሲቪክ ማህበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ማህበር ሊላክ ይችላል። ከምርጫ ኮሚሽኑ ፈቃድና ባጅ ይወስዳል። ሥራው ማየት፣ መቁጠርና መጻፍ ብቻ ነው። አስፈጻሚውን አያዝም፣ መራጩን አይመክርም፣ ወረቀቱን በእጁ አይነካም።

የቀኑ ሥራ ከንጋት እስከ ሌሊት

በኬንያ ምርጫ ጣቢያ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ጥሩ ታዛቢ ከዚያ ቀድሞ ይደርሳል። ለምን? ሳጥኑ (እኛ አገር ኮሮጆ የምንለው) ባዶ መሆኑ ለሁሉም የሚታየው ከመታሸጉ በፊት ስለሆነ ነው። ከዚያ ሳጥኑ ቁጥር ባለው ማሸጊያ ይታሸጋል፤ ታዛቢው ቁጥሩን በደብተሩ ይጽፋል። ማታ ሲከፈት ቁጥሩ ያው መሆን አለበት።

ቀን ላይ የሚያያቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። የመራጩ ማንነት ይረጋገጣል ወይ? ጣቱ ላይ ቀለም ይቀባል ወይ? መራጩ ምልክት የሚያደርግበት ቦታ የተከለለ ነው ወይ? ማየት የተሳናቸውን ወይም ማንበብ የማይችሉትን ማን ይረዳል፣ እንዴትስ ይረዳል? ጣቢያው ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ሲዘጋ ሰልፍ ላይ ያሉት እንዲመርጡ ይደረጋል ወይስ ይባረራሉ?

ያየውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጽፋል። «ብዙ ችግር ነበር» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። «ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ የጣት አሻራ ማንበቢያው ቆመ፤ 35 ደቂቃ ምርጫ ተቋረጠ» ማለት ግን ማስረጃ ነው።

የቆጠራ ሂሳብ

ዋናው ሥራ የሚመጣው ሁሉም ሲደክመው ነው። ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ነው። የሂሳብ መምህራን ይህን ምሳሌ በክፍል ልትሠሩበት ትችላላችሁ። አንድ ጣቢያ 650 ድምፅ መስጫ ወረቀት ተረከበ እንበል። 520 ሰዎች መረጡ። 4 ወረቀት በስህተት ተበላሽቶ በሌላ ተተካ። ያልተነካው 126 ነው። 520፣ 4 እና 126 ሲደመሩ 650 ይሆናሉ። ሳጥኑ ሲከፈት ደግሞ አንዱ እጩ 301፣ ሌላው 207፣ ዋጋ የሌለው ድምፅ 12 ሆኖ በድምሩ 520 መጣ። ሂሳቡ ገጠመ ማለት ነው።

ሳጥኑ ውስጥ 541 ቢገኝስ? ሃያ አንዱ ወረቀት ከየት መጣ? ታዛቢው «ሌባ!» ብሎ አይጮህም። ቁጥሩን ይጽፋል፣ የጣቢያው ኃላፊ ምን ምላሽ እንደሰጠ ይጽፋል፣ ለላከው ድርጅት ያሳውቃል።

በመጨረሻ ውጤቱ በፎርም ይሞላል። በኬንያ የፕሬዚዳንት ምርጫ የጣቢያ ውጤት የሚሞላበት «ፎርም 34ኤ» ይባላል። ኃላፊውና ወኪሎቹ ይፈርማሉ፣ አንድ ቅጂ የጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ወኪል «አልፈርምም» ቢል እንኳ በዚያ ብቻ ውጤቱ አይሰረዝም። እኔ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ስለዚህች በር ላይ ስለምትለጠፈው ወረቀት ነው። ሳጥኑ ከጣቢያው ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ፣ በቢሮና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሆነውን ታዛቢው ላያይ ይችላል። የበሩን ቁጥር ከገለበጠ ግን ሌላ ቦታ የሚነገረውን ቁጥር ማስተያየት ይችላል።

የኬንያ ሦስት ምርጫዎች

ይህን ከኬንያ የተሻለ የሚያስተምር አገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2007 በተደረገው ምርጫ የየጣቢያው ውጤት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሕዝብ የሚያየው አልነበረም። ዲሴምበር 30 ምዋይ ኪባኪ አሸነፉ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሳሙኤል ኪቩይቱ ራሳቸው ኪባኪ ማሸነፋቸውን እንደማያውቁ ተናገሩ። በተከተለው ግጭት ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ። በኋላ ነገሩን ያጣራው በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ዮሃን ክሪግለር የተመራው ኮሚሽን በ2008 እውነተኛውን አሸናፊ መለየት አይቻልም ብሎ ደመደመ። በሁለቱም ወገን ጠንካራ ይዞታዎች ሳጥን በሐሰት ድምፅ መሙላት እንደነበርም ገለጸ። አስቡት፤ ያ ሁሉ ሰው ሞቶ፣ አሸናፊው ማን እንደነበረ ዛሬም በማስረጃ መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው የ2017 ነው። ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ ማይና ኪያይና ሌሎች ሁለት የመብት ተሟጋቾች ፍርድ ቤት ሄደው በየምርጫ ክልሉ የታወጀው የፕሬዚዳንት ውጤት የመጨረሻ እንዲሆን፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም እንዳይለውጠው አስወሰኑ። ምርጫው ኦገስት 8 ተካሄደ፤ ታዋቂ የውጭ ታዛቢ ቡድኖች በመጀመሪያ መግለጫቸው የምርጫውን ቀን አመሰገኑ። ነገር ግን ሴፕቴምበር 1 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ መሪነት፣ በ4 ለ2 ድምፅ፣ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘው። ዋናው ምክንያት የውጤት አላላኩ ሕግ አለመከተሉ ነበር። ከዚህ ታዛቢ የሚማረው ነገር አለ፤ ሰልፉ ያማረ ስለሆነ ብቻ ምርጫው ሁሉ አማረ ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው የ2022 ነው። ኮሚሽኑ ከ46,229 ጣቢያዎች የመጡትን የፎርም 34ኤ ምስሎች ማንም እንዲያያቸው በኢንተርኔት ለቀቀ። ኦገስት 15 ውጤቱ ሊነገር ሲል ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ አንቀበልም አሉ። የ2007ቱ ነገር ሊደገም ነው ብለን እኛም ኢስሊ ውስጥ ሱቅ ዘግተን የቤት አስቤዛ አከማቸን። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ወረቀቱ ነበር። ኢሎግ የተባለው የአገር ውስጥ ታዛቢዎች ስብስብ በሳይንሳዊ ናሙና በተመረጡ ጣቢያዎች ያሉ ታዛቢዎቹ የላኩትን ቁጥር አስልቶ ለዊልያም ሩቶ 50.7 ከመቶ፣ ለራይላ ኦዲንጋ 48.7 ከመቶ ገመተ፤ ስህተቱ ከ2.1 ነጥብ አይበልጥም ነበር። በይፋ የታወጀው 50.49 እና 48.85 ነው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ሄደና ሴፕቴምበር 5 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ውጤቱን አጸኑ።

በአገራችንስ?

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተደረገውን ምርጫ ትልልቆቻችን አይረሱትም። የምርጫ ቦርድ መመሪያ ድርጅቶች ሲመዘገቡ ምርጫ መታዘብን በዓላማቸው ካልጻፉ እንዳይታዘቡ የሚከለክል ነበር። ድርጅቶቹ ከሰሱ፣ በፍርድ ቤትም ረቱ። ይግባኙ ሲያልቅ ግን ለምርጫው የቀሩት ጥቂት ቀናት ብቻ ስለነበሩ በቂ ታዛቢ ማሰማራት አልቻሉም። በውጤቱ ላይ የተነሳው ውዝግብ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ደም አፋሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ገለጸ። «ኮሮጆ ገልባጭ» የሚለው አነጋገር ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፋም። ሁሉ ነገር በታዛቢ ማነስ የመጣ ነው አልልም። ነገር ግን ሁለቱም ወገን የሚያምነው ሦስተኛ ሰው የጻፈው ቁጥር በብዙ ቦታ አለመኖሩ አንዱ ጉድለት ነበር።

እኛ ምን እናድርግ?

ኬንያ ውስጥ ጠቅላላ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ በኦገስት ሁለተኛ ማክሰኞ ይደረጋል። ስደተኛ በዚህ ምርጫ አይመርጥም፤ ምክሬም ከፖለቲካ ሰልፍና ከቲሸርት መራቅ ነው። ግን የራሳችን ምርጫ አለን። የተማሪዎች ምክር ቤት፣ የወላጅ መምህር ኮሚቴ፣ የብሎክና የማህበረሰብ ተወካይ እንመርጣለን። እነዚህን እንዲህ ብናደርጋቸውስ?

1. ከእጩዎቹ ጋር ዝምድናና ቅርርብ የሌላቸው፣ ከየብሔረሰቡና ከየቋንቋው የተውጣጡ ሁለት ወይም ሦስት ታዛቢዎች ይመረጡ። ሴቶችም ይኑሩበት።
2. ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ባዶ መሆኑ ለሁሉም ይታይ።
3. ስንት ወረቀት እንደታደለ፣ እንደተበላሸና እንደተረፈ ይጻፍ።
4. ቆጠራው በር ተከፍቶ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ከፍ ተደርጎ እየታየ ይሁን።
5. ውጤቱ ተፈርሞ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት አይነሳ።

ወጪው አንድ ካርቶን፣ አንድ ፕላስተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።

ያ ተማሪ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጥቶ «ቲቸር፣ የኛን ክፍል አለቃ ስንመርጥ እኔ ታዛቢ ልሁን» አለኝ። «ለማን ነው የምታዳላው?» ስለው ሳቀና «ለሂሳቡ» አለ። አስፈቀድኩት። አንድ ቀን አገራችን ገብተን ወይም በሌላ አገር ዜጋ ሆነን እውነተኛው ሳጥን ፊት ስንቆም፣ ሥራውን እዚሁ ተምረነው እንሄዳለን።

ቸር ይግጠመን።